መስታወት ፊት የቆሙባቸው አርባ ቀናት ለምን አልሠሩም?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 31 ነው። በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ ከስድስት ወር በፊት የቡድን መሪ ተደርጌያለሁ። በየወሩ ለአሥራ ሁለት ሰዎች በእንግሊዝኛ ሪፖርት ማቅረብ አለብኝ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ አፌ ይደርቃል፣ ወረቀቱ በእጄ ላይ ሲርገበገብ ሁሉም የሚያዩኝ ይመስለኛል። በሰፈራችን የዕቁብ ጸሐፊ ነኝ፤ ገበያ ወጥቼ ስከራከር ማንም አይችለኝም። ቢሮ ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ፤ በራስ መተማመን የሚባል ነገር የለኝም። ሥልጠና ወስጃለሁ። አሠልጣኙ ‹በራስ መተማመን የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው› ብሎ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆመን ‹እኔ ብቁ ነኝ፣ እኔ እችላለሁ› እንድንል አዘዘን። አርባ ቀን ሙሉ አደረግሁት፤ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም። ሁለተኛውን ዙር ልክፈል? ወንድሜ ከልጅነቱ ደፋር ነው፤ እኔ ‹ጨዋ ልጅ› እየተባልሁ በዝምታ አደግሁ። ነገሩ የተፈጥሮ ነው ወይስ የአስተዳደግ? አንዲት ጓደኛዬ ለልብ ምት የታዘዘላትን ኪኒን አካፍላኛለች፤ ከስብሰባ በፊት ልውሰደው? ሹመቱ በስህተት የተሰጠኝ ይመስለኛል። የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።»

ምላሽ፦ ሁለተኛውን ዙር አይክፈሉ። ኪኒኑን ለጓደኛዎ ይመልሱ። ደብዳቤው መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። ምክንያቶቹ ረዘም ይላሉ።

በጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ ስህተት ያለው «የለኝም» በምትለዋ ቃል ላይ ነው። በራስ መተማመን እንደ ደም ዓይነት ከሰውዬው ጋር በሄደበት ሁሉ የሚዞር ነገር አይደለም። ጥያቄዎ ራሱ ይህን ይመሰክራል። የሰው ገንዘብ የሚመዘገብበትን ደብተር ይይዛሉ፤ ያልከፈለውን ሰው ስሙን ጠርተው ይጠይቃሉ፤ ገበያ ውስጥ ሻጩን ተከራክረው ይረታሉ። ይህን የምታደርግ ሴት በራሷ አትተማመንም ከተባለ ቃሉ ትርጉም አጥቷል። እርስዎ የሚያስቸግርዎት ነገር በጣም ጠባብ ነው፤ ቆመው፣ በእንግሊዝኛ፣ አለቃዎ ባሉበት፣ ለአሥራ ሁለት ሰዎች ቁጥር ማስረዳት። ጠባብ መሆኑ ይጠቅመዎታል። ጠባብ ነገር ይለመዳል፣ ይሠለጠንበታል። «ማንነቴን ልቀይር» ብሎ የተነሣ ሰው ግን ሥራውን ከየት እንደሚጀምር እንኳን አያውቅም።

በአማርኛ ሦስት ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ስለለመድን ነው ይህ ሁሉ ግራ መጋባት የሚመጣው። አንደኛው ለራስ የሚሰጥ ግምት ነው፤ «እኔ በሰውነቴ ዋጋ አለኝ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ። ሁለተኛው ድፍረት ነው፤ እየፈሩ ማድረግ። ሦስተኛው፣ ትክክለኛው በራስ መተማመን፣ «ይህን የተወሰነ ሥራ መሥራት እችላለሁ» የሚል ግምት ነው። ሦስቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን ጎትቶ አያመጣም። ራሱን እጅግ የሚያከብር ሰው መኪና መንዳት ላይ ምንም እምነት ላይኖረው ይችላል፤ መንዳት ስለማይችል ነው፤ ግምቱም ትክክል ነው።

ሦስተኛውን ለይቶ ያጠናው አልበርት ባንዱራ ነው፤ ካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረ፣ በ2021 ያረፈ የሥነ ልቦና ተመራማሪ። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1977 ባሳተመው ጽሑፉ የዚህ ዓይነቱ እምነት ምንጮች አራት መሆናቸውን ዘረዘረ፤ ራስ ሠርቶ መሳካት፣ እንደራስ ያለ ሰው ሲሠራ ማየት፣ የሚታመን ሰው «ትችላለህ» ሲል መስማት፣ ሰው የገዛ ሰውነቱን ሁኔታ የሚተረጉምበት መንገድ። ከአራቱ ከሁሉ የሚበልጠው የመጀመሪያው ነው። ባንዱራ እባብ ከመፍራታቸው የተነሣ ሜዳ ላይ መውጣት የሚያቅታቸውን ሰዎች ሲረዳ በንግግር ለማሳመን አልደከመም። መጀመሪያ ባለሙያው እባቡን ሲይዝ አዩ፤ ቀጥሎ በጓንት ነኩት፤ ከዚያ በባዶ እጅ፤ በመጨረሻ ጭናቸው ላይ እንዲሄድ ተዉት። ልብ ይበሉ፤ እምነቱ እጅን ተከትሎ ነው የመጣው። አሠልጣኝዎ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ይህን ለማወቅ ስታንፎርድ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ይመልከቱ። ተማሪው ጉባኤ ቃና በምትባለው ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባላት ቅኔ ይጀምራል። ቀን ሜዳ ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በሐሳቡ ያዘጋጃል፤ ሲመለስ በመምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ፣ ይነግራል፤ ይታረማል፤ አንዳንዴ ይሳቅበታል። በማግሥቱ ደግሞ ይነግራል። ደረጃ በደረጃ ወጥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ልጅ «መጀመሪያ በራስህ ተማመን፣ ከዚያ ትነግራለህ» ያለው የኔታ ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ቤት እንዲነግር ነው ያደረጉት። ከዓመታት በኋላ በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ቆሞ ቅኔ የሚዘርፈው ሰው ድፍረቱን ያገኘው ከዚያች ከሁለት ቤቷ ነው።

እርስዎ የዕቁብ ጸሐፊ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዕጣ የወጣለት አዲስ አባል ብሩን ሳይወስድ በፊት ዋስ የምትጠይቁት ለምንድን ነው? ስለማታውቁት ነው። ለዓመታት አንድም ሳምንት ሳያጎድል የከፈለ አባል ላይ ግን ማንም አይጠራጠርም። አዲሱ ሰው ደጃፋችሁ ላይ ቆሞ «እኔ ታማኝ ነኝ» እያለ አርባ ቀን ቢምል ያለ ዋስ ትሰጡታላችሁ? መስታወቱ ፊት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ዋስ የሌለው መሐላ ለራስዎ አቀረቡ፤ ውስጥዎ ያለችው ጸሐፊ ደብተሯን ገልጣ «ያለፈው ወር ስብሰባስ?» አለች።

ለምን እንደባሰብዎትም ከዚህ ይከተላል። በ2009 ካናዳ ውስጥ የተደረገ ጥናት አለ። ጆአን ውድ እና ባልደረቦቿ ተሳታፊዎች ደወል በሰሙ ቁጥር «የምወደድ ሰው ነኝ» ብለው እንዲደጋግሙ አደረጉ። ቀድሞም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ዓረፍተ ነገሩን ካልደገሙት መሰሎቻቸው ይልቅ ስሜታቸው ወረደ። የማናምነውን ነገር ስንደጋግም አእምሮ ተቃራኒውን ማስረጃ ይጠራል። እንግዲህ መድኃኒቱ የሚሠራው ለማያስፈልገው ሰው ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ፈልጎት የመጣውን። ሥልጠናው ላይ ወገባችሁን ይዛችሁ ደረታችሁን ነፍታችሁ እንድትቆሙም አድርገዋችሁ ከሆነ፣ እሱም በ2010 በ42 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በዓለም ሁሉ የተወራ ነገር ነው። በ2015 በ200 ሰዎች ላይ ሲደገም በሆርሞን ላይ ለውጥ ያመጣል የተባለው አልተገኘም፤ በ2016 ከመጀመሪያው ጥናት ጸሐፊዎች ዋናዋ ራሷ ውጤቱ እውነተኛ ነው ብላ እንደማታምን በይፋ ተናገረች። ዜናው ግን ወደ እኛ የሥልጠና አዳራሾች ገና አልደረሰም።

ፉከራስ? ብለው ይሞግቱኝ ይሆናል፤ አባቶቻችን ከዘመቻ በፊት ይፎክሩ አልነበረም? ይፎክሩ ነበር። ፎካሪው ግን የሚቆጥረው ግዳዩን ነው፤ የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ። ሰሚዎቹም አብረውት የዘመቱ ስለሆኑ ያልሠራውን ቢጨምር ያውቁበታል። መዝገብ አለው፤ የመስታወቱ ፉከራ ግን ዘመቻ የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«በራስ መተማመን የሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣም ልንገርዎት፤ ታሪኩ ያዝናናል። በ1986 የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ጆን ቫስኮንሴሎስ በተባለ የምክር ቤት አባል ግፊት፣ ለራስ የሚሰጥን ግምት የሚያሳድግ ግብረ ኃይል በሕግ አቋቋመ። የትምህርት ውድቀትም፣ ወንጀልም፣ ዕፅም፣ ሁሉም ሥሩ ሰው ለራሱ ያለው ግምት ዝቅተኛነት ነው፤ እሱ ከተስተካከለ ሁሉም ይስተካከላል የሚል ተስፋ ነበር። በ2003 ሮይ ባውማይስተርና ሦስት ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተከማቸውን ምርምር መርምረው ያገኙት ሌላ ነው። ለራስ ጥሩ ግምት መስጠት ከደስታ ጋር፣ ከተነሳሽነትና ከውድቀት በኋላ ከመጽናት ጋር ይያያዛል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የትምህርት ውጤትን ያሻሽላል የሚለው ግን አልቆመም። ጥሩ ውጤት ነው በኋላ ለራስ ጥሩ ግምት የሚያመጣው።

የተፈጥሮ ነው ወይስ የአስተዳደግ ላሉት፣ ከሁለቱም አለበት፤ ሁለቱም ግን ፍርድ አይደሉም። የሃርቫርዱ ጀሮም ኬገን የአራት ወር ሕፃናትን አዲስ ድምፅና አዲስ ነገር ሲያጋጥማቸው ተመልክቶ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል እጅና እግሩን እየወረወረ በኃይል እንደሚያለቅስ አገኘ። እነዚህ ሕፃናት ሲያድጉ ከሌሎቹ ይልቅ ቁጥብና ጠንቃቃ የመሆን ዕድላቸው ይሰፋል። ሁሉም ግን ዓይን አፋር ሆነው አልቀሩም። ወንድምዎ ምናልባት ከአራቱ ወገን ነው፤ እርስዎ ከአንዱ። ይህ ማለት ልብዎ ቶሎ ይመታል ማለት እንጂ ሪፖርት ማቅረብ አይችሉም ማለት አይደለም።

አስተዳደጉን በተመለከተ ግን ወላጆችዎን ለመክሰስ አይቸኩሉ። እንግዳ ሲመጣ ውኃ ይዞ እጅ ማስታጠብ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አለማቋረጥ፣ ሲጠሩ «አቤት» ማለት በራስ አለመተማመን አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ትሕትናን የበታችነት፣ ዝምታን ባዶነት አድርጎ የሚያይ ሥልጠና ግማሹን የአገራችንን ሰው በሽተኛ ሊያደርገው ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጨዋ ልጅ ማዳመጥን ይለማመዳል፤ ቆሞ መናገርን ግን አይለማመድም። ወንድምዎ ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት ሲናገር፣ ሲሳሳት፣ ሲገሠጽ፣ ደግሞ ሲናገር ኖሯል። የእርሱ መዝገብ ወፍራም ነው፤ የእርስዎ ቀጭን። ወፍራም መዝገብ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ይጀመራል።

አሁን ወደ ስብሰባው ክፍል እንግባ፤ እውነተኛው ችግር ያለው እዚያ ነው። ልብዎ ሲመታና ድምፅዎ ሲንቀጠቀጥ «ይኸው፣ አልችልም ማለት ነው» ብለው ይተረጉሙታል። ሰውነትዎ ግን እያለ ያለው «ይህ ነገር አስፈላጊ ነው» ብቻ ነው። በራሱ የሚተማመን ሰው አይፈራም የሚለው እምነት ከሁሉም በላይ ሰው ይጎዳል። ጥሩ ተናጋሪ የሆኑ ብዙ ሰዎች ከመድረክ በስተጀርባ እጃቸው በረዶ ነው። ፍርሃቱ ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ መናገር ከቀጠሉ በራሱ ይወርዳል። እርስዎ ይህን ያላዩት ለምንድን ነው? እየተጣደፉ ስለሚጨርሱ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ቀጥሎ፣ «ሁሉም ያዩኛል» ያሉት። በ2000 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን የአንድ ዘፋኝ ፊት የታተመበት የሚያሳፍር ካናቴራ አልብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸው። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ ሰው ያየናል ብለው ገመቱ፤ ያስተዋለው ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር። ንግግር ላይም እንደዚሁ ነው፤ ፍርሃታችን እኛ የምናስበውን ያህል ወደ ውጭ አይታይም። በ2003 በተደረገ ሌላ ጥናት ይህን እውነታ አስቀድሞ የተነገራቸው ተናጋሪዎች፣ ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አደረጉ። ስለዚህ ይህን አንቀጽ ማንበብዎ ብቻ የሆነ ነገር ያቀልልዎታል።

ወረቀቱ ግን በእርግጥ ይታያል። አንድ ነጠላ ወረቀት የጣትን ጥቂት መንቀጥቀጥ አባዝቶ ነው የሚያሳየው፤ እንደ ባንዲራ። እንዳይርገበገብ ብለው አጥብቀው ሲይዙት ጡንቻው ይበልጥ ይወጠራል፤ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ላይ ፍርሃታችንን ለመደበቅ የምንጠቀምባቸው ብልሃቶች እንዴት እንደሚከዱን ይታያል። ብርጭቆን በሁለት እጅ መያዝ፣ ከስላይዱ ላይ ዓይንን አለማንሣት፣ በር አጠገብ መቀመጥ፣ መፍጠን፣ ሪፖርቱን እንደ ዳዊት በቃል መያዝ። አንድ ሰው ሪፖርቱን ከነነጥቡ አጥንቶ ገባ፤ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንዲት ቃል ጠፋችው፤ ሌላ ቃል ቢተካ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ እሱ ግን ያችኑ ቃል ፍለጋ ቆሞ ቀረ። እነዚህ ብልሃቶች ሁለት ጉዳት አላቸው። ትኩረታችንን ከሥራው ወደ ገዛ ሰውነታችን ያዞሩታል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ስብሰባው በደህና ቢያልቅ ምስጋናውን እነሱ ይወስዳሉ። «ተወጣሁት» ሳይሆን «ብርጭቆውን ስለያዝሁ ዳንሁ» ይላሉ፤ መዝገብዎ ላይ ምንም አይጻፍም።

አንድ ጥርጣሬም አለኝ፤ ችግሩ ግማሹ በራስ መተማመን ሳይሆን እንግሊዝኛ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ተምረናል ማለት በእንግሊዝኛ አንብበን ጽፈናል ማለት ነው እንጂ ቆመን ተናግረናል ማለት አይደለም። ለዓመታት የአፍ ልምምድ ያላደረገ ሰው ሲናገር ቢደናቀፍ የሚጎድለው ችሎታ ነው፤ ችሎታ በሌለበት የሚመጣ ፍርሃት ደግሞ እውነቱን ነው የሚናገረው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ያንኑ ሪፖርት ለቡድንዎ በአማርኛ ያቅርቡ። ድምፅዎ ከተረጋጋ መልሱን አገኙ። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የሪፖርቱን ሠላሳና አርባ ተደጋጋሚ ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብሎ መለማመድ ነው፤ የሒሳብ ሪፖርት በየወሩ ቁጥሩ እንጂ ቋንቋው ብዙ አይለወጥም። ከአሥራ ሁለቱ መካከል አማርኛ የማይሰማ ሰው ከሌለ ደግሞ ለምን በእንግሊዝኛ እንደሚቀርብ አለቃዎን መጠየቅም ነውር የለውም።

ሹመቱ በስህተት የተሰጠኝ ይመስለኛል ስላሉት አጭር ልሁን። ፖሊን ክላንስና ሱዛን አይምስ በ1978 በሥራቸው የተሳካላቸውን ከ150 በላይ ሴቶች አይተው ይህንኑ ስሜት ገልጸውታል፤ በሽታ አላሉትም፣ በሽታም አይደለም። ስሜቱ ሹመቱ ስህተት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው ያለውንም ይዩ፤ በ1999 በታተመው የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የዳኒንግና የክሩገር ጥናት በፈተና ከግርጌ የነበሩት፣ ከመቶ ሰው 12ቱን ብቻ እየበለጡ፣ 62ቱን እንበልጣለን ብለው ገመቱ። ባዶ በርሜል ይጮኻል ይባል የለ? ነገር ግን አልዋሽዎትም፤ በስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚናገር ሰው ከሚያውቀው በላይ ይከበራል። ይህ ፍትሕ ባይሆንም እውነት ነው። ስለዚህ ዝምታዎ ዋጋ ያስከፍልዎታል፤ መናገርን የሚለማመዱት ራስዎን ለማግኘት ሳይሆን ሥራዎ እንዳይድበሰበስ ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በወር አንድ ጊዜ ልምምድ አይደለም፤ በወር አንድ ጊዜ ፈተና ነው። በሁለት ስብሰባ መካከል ያሉት ሠላሳ ቀናት ፍርሃቱን እንደገና ያበቅሉታል። መሰላሉን በየሳምንቱ ይውጡ። የቡድን መሪ ስለሆኑ ሰኞ ጠዋት ለራስዎ ቡድን፣ ቆመው፣ በእንግሊዝኛ፣ አምስት ደቂቃ የሳምንቱን ሥራ ይንገሩ። እስኪሰለችዎት ይደጋግሙት፤ መሰልቸት ነው ወደሚቀጥለው እርከን የመውጫው ምልክት። ጎን ለጎን በሌሎች ስብሰባዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ስብሰባው በቆየ ቁጥር የዝምታው ክብደት ይጨምራል። በወርኃዊው ሪፖርት ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር አንድ መሸሸጊያ ይጣሉ። መጀመሪያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ። በሚቀጥለው አንዱን ገጽ ሳያነቡ ያስረዱ። በሦስተኛው ሆን ብለው መሐል ላይ ቆም ብለው ውኃ ይጠጡ፤ ዝምታው ምን እንደሚያመጣ ይዩ። በአራተኛው፣ ጥያቄ ሲመጣ፣ «ይህን አሁን በእጄ የለኝም፤ አጣርቼ ነገ እመልሳለሁ» ይበሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያለ ሐፍረት መናገር የሚችል ሰው ስብሰባ የሚፈራበት ምክንያት ግማሹ ይቀርለታል።

አንድ ደብተር ይግዙ፤ ገጹን ለሁለት ይክፈሉ። ከመግባትዎ በፊት በግራ በኩል ይሆናል ብለው የሚፈሩትን በቁርጥ ይጻፉ፤ «ያሳፍራል» ሳይሆን «አለቃዬ ያቋርጡኛል፣ ሦስት ሰዎች ይስቃሉ»። ሲወጡ በቀኝ በኩል የሆነውን ይጻፉ፤ «አለቃዬ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ የሳቀ የለም፤ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ሲነካኩ ነበር።» የዕቁብ መዝገብ እንደሚይዙት ይያዙት፤ ሳያስጌጡ። አንድ ጊዜም በስልክዎ ራስዎን ይቅረጹ። ቪዲዮውን ከመክፈትዎ በፊት የድምፄ መንቀጥቀጥ ከአሥር ስንት ነው ብለው ገምተው ይጻፉ፤ ከዚያ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩ ሆነው ይመልከቱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል፤ የገመተው ዘጠኝ፣ ያየው ሦስት ይሆንበታል። ደግሞ የግድ ለራሴ የምለው ነገር ያስፈልገኛል ካሉ፣ ስለ ማንነትዎ ሳይሆን ስለ ሰውነትዎ ይናገሩ። በ2014 በታተመ የሃርቫርድ ጥናት ከንግግር በፊት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ተናገሩ። ልቡ እየመታ «ተረጋግቻለሁ» የሚል ሰው ራሱን እየዋሸ ነው፤ መጓጓት ግን ከሚመታ ልብ ጋር ይስማማል።

አንዱ ስብሰባ ይበላሻል። ይህን አስቀድመው ይወቁት። ባንዱራ ራሱ እንደጻፈው ቀላል ድል ብቻ ያየ ሰው በመጀመሪያው እንቅፋት ይወድቃል፤ የሚጸናው ወድቆ የተነሣበት መዝገብ ያለው ነው። ከተበላሸው ስብሰባ ማግሥት አንድ እርከን ወርደው ይቀጥሉ እንጂ ከመሰላሉ አይውረዱ።

ስለ ኪኒኑ። ስሙን አልጻፉልኝም፤ ለዚህ የሚዘዋወረው ብዙውን ጊዜ ፕሮፕራኖሎል ወይም የእርሱ ወገን ነው። የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ ሐኪም መርምሮ የሚያዝበት ጊዜም አለ። አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው፤ የልብ ምቱ ወይም የደም ግፊቱ ዝቅተኛ ለሆነም ያሰጋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ላይ የስኳር መውረድን ምልክት ሊደብቅ ይችላል። ለጓደኛዎ የታዘዘው የእርሷ ሐኪም እርሷን አይቶ ነው። ከብርጭቆው ጋር አንድ ዓይነት ጉዳትም አለው፤ ምስጋናውን ይወስዳል። ከስብሰባ በፊት ጫት ወይም መጠጥ የሚሞክሩ ሰዎችም ያጋጥሙኛል። ጫት የሚያነቃቃ ነገር ስለሆነ የልብ ምትን ይጨምራል፤ ሲለቅም ድብርቱ አለ። መጠጡን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ የማይሠራባቸው ሁኔታዎች አሉ። እጅዎ ቤት ውስጥ ዕረፍት ላይ ሆነውም የሚንቀጠቀጥ፣ ልብዎ ያለ ምክንያት የሚመታ፣ ክብደትዎ የሚቀንስ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሄደው የእንቅርት ዕጢዎንና ደምዎን ያስመርምሩ፤ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን መብዛትና የደም ማነስ ፍርሃት የሚመስል ምልክት ያመጣሉ። ፍርሃቱ ከስብሰባው አልፎ ሰው ፊት መብላትን፣ ስልክ ማንሣትን፣ ለቅሶ ቤት መሄድን ካስቀረዎት፣ ወይም እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሁሉም ነገር ከጨለመብዎት፣ ይህ በደብተርና በመሰላል ብቻ የሚወጡት አይደለም፤ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ጋር ይቅረቡ። አለቃዎ በሰው ፊት የሚያዋርዱ ሰው ከሆኑም ነገሩ ሌላ ነው፤ የሚዋረድ ሰው ቢፈራ ጤነኛ ነው፤ መስተካከል ያለበት አለቃው ነው።

ደብዳቤውን አልረሳሁትም። አራት ወርኃዊ ሪፖርት እስኪያቀርቡ ድረስ አይክፈቱት። ከዚያ ደብተሩን ይዘው ይቀመጡ፤ የግራውንና የቀኙን ዓምድ ጎን ለጎን ያንብቡ፤ ቀጥሎ ደብዳቤውን ያውጡ። ሥራው ወይም ደመወዙ ካልተስማማዎት ቀኑን ቀይረው ያስገቡት። የተጻፈው በእነዚያ አሥራ ሁለት ወንበሮች ምክንያት ብቻ ከሆነ ግን ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው የአምስተኛውን ሪፖርት ረቂቅ ይጻፉበት።